የእሽቅድምድም ታሪኮች ለምን ብርቅ ሆኑ? ለጃፓን የአኒሜ አዘጋጅ ኮሚቴዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በጃፓን ለሚገኙ የአኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) አዘጋጅ ኮሚቴዎች፣ ማለትም ለአንድ ሥራ ገንዘብ ለሚያዋጡ የኩባንያዎች ስብስቦች፣ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎችና ለኢንተርኔት ማሰራጫ ድርጅቶች

ጉዳዩ፦ የመኪና፣ የብስክሌትና የሩጫ እሽቅድምድም ታሪኮች ስለሚታዘዙበት፣ ስለሚከፈልባቸውና ስለሚሰራጩበት ሁኔታ ቅሬታና ጥያቄ ስለማቅረብ

ክቡራን የኮሚቴ አባላትና የሥራ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በአዲስ አበባ አኒሜሽን የምናስተምርና የምንማር ሰዎች ስንሆን፣ ከእኛ ጋር በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ አኒሜ የሚመለከቱ ወጣቶችም በሐሳቡ ተስማምተውበታል። ለመጻፍ ያነሣሣን በቅርቡ የደረሰብን ነገር ነው። ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ማሰራጫ ድርጅት ለማስተማሪያ ስንጠቀምባቸው የነበሩትን የእሽቅድምድም ተከታታዮች ያለ አንዳች ማስታወቂያ በእኛ አካባቢ እንዳይታዩ አደረገ፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ስንጠይቅም የዚህ ዓይነት ታሪኮች በቂ ተመልካች የላቸውም የሚል መልስ ተሰጠን። አዳዲስ የእሽቅድምድም ሥራዎች ለምን እንደማይበዙ ለሚጠይቅ ሰውም ይኸው መልስ በየጊዜው ሲሰጥ እንሰማለን። መልሱ ትክክል አይደለም ብለን ስለምናምን ምክንያታችንን በዝርዝር ልናስረዳ ወስነናል።

ተመልካች የለም የሚለው አባባል ከራሱ ከአኒሜ ታሪክ ጋር አይገጥምም። ታትሱኖኮ ፕሮዳክሽን በሌላው ዓለም «ስፒድ ሬሰር» በሚል ስም የሚታወቀውን የመኪና እሽቅድምድም ተከታታይ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1968 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ52 ክፍሎች ሲያቀርብ የቴሌቪዥን አኒሜ ገና ሕፃን ነበር። በተራራ መንገድ ስለሚደረግ የመኪና እሽቅድምድም የሚተርከው የሹኢቺ ሺጌኖ «ኢኒሻል ዲ» ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ከ1995 እስከ 2013 ሳይቋረጥ ቀጥሎ 48 ጥራዝ ደርሷል፤ ታሪኩ መነሻ ያደረገውን በጉንማ የሚገኘውን የሃሩና ተራራ መንገድ ለማየት ዛሬም ሰው ከሩቅ አገር ይሄዳል። የፈረስ እሽቅድምድምን መነሻ ያደረገው «ኡማ ሙሱሜ» ደግሞ ከ2018 ጀምሮ በተከታታይ ምዕራፎች፣ በ2024ም በሲኒማ ቤት ፊልም ቀጥሏል፤ ይህን ያህል ትዕግሥት ያገኘውም ከጀርባው ገንዘብ የሚያወጣ የጌም ኩባንያ ስላለ ነው። እንግዲህ የጎደለው ተመልካች ሳይሆን የሚታገሥ አዛዥ ነው።

ሥራው ከባድ መሆኑን አንክድም። እንዲያውም የምንከራከረው ክብደቱ ምን ላይ እንዳለ ስለምናውቅ ነው። ተማሪዎቻችን መጀመሪያ ከሚለማመዷቸው ነገሮች አንዱ ሰው አንገቱን ሲያዞር መሳል ነው፤ ፊት ለስላሳ ስለሆነ አንዱ መስመር በጥቂቱ ቢዛነፍ ዓይን ያልፈዋል። ለመኪና ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለም። መኪናው ከፊት ለፊታችን መጥቶ ኩርባውን እየታጠፈ ጎኑን ሲሰጠን፣ የፊት ጎማው በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ጠባብ ሞላላ ነው፤ ከዚያ በየሥዕሉ እየሰፋ ወደ ክብ ይጠጋል፤ ሲያልፈን ደግሞ እንደገና ይጠብባል። የሞላላው አሰፋፍ ከኮፈኑ ጠርዝ፣ ከመስተዋቱ ማዕዘንና ከበሩ መስመር ጋር ካልተስማማ መኪናው ብረትነቱ ይጠፋና የሚለጠጥ ነገር ይመስላል። በሩ ላይ የተለጠፈው ቁጥርና የስፖንሰሩ ስምም ከበሩ ጋር አብረው መጥበብና መስፋት አለባቸው። አንዲት ተማሪያችን እንዲህ ያለውን አንድ መታጠፍ ስትሠራ ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ የኋላው ቸርኬ ከተገቢው ቦታ ለዓይን በማይታይ መጠን ዝቅ ብሎባት ነበር። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ስናያቸው ስሕተቱን ማናችንም አላገኘነውም፤ ሲንቀሳቀሱ ግን መኪናው ጉድጓድ የገባ መሰለ። ተማሪዋ ያንን ለማረም ከዚያ ሥዕል በኋላ ያሉትን ሁሉ እንደገና መሳል ነበረባት።

በዚህ ላይ የመንገዱ ጉዳይ አለ። ካሜራው ከጎን ሆኖ ሲያይ አንድ ረጅም የጀርባ ሥዕል ማንሸራተት ይበቃል። ካሜራው ከአሽከርካሪው ጋር ወደ ፊት ሲሄድ ግን ዛፉ፣ የመንገድ ዳር የብረት አጥሩና የአስፋልቱ መስመር ሁሉ በየሥዕሉ ስለሚለወጡ ጀርባው ራሱ እንደ ገጸ ባሕርይ መንቀሳቀስ ይኖርበታል። ማንጋ ይህ ችግር የለበትም፤ ሠዓሊው አንድ መኪና በጥሩ ማዕዘን ስሎ የፍጥነት መስመሮች ቢጨምርበት አንባቢው ጊዜውን በራሱ አእምሮ ይሞላዋል። አኒሜ ግን እያንዳንዷን ሰከንድ ራሱ ማቅረብ አለበት። በሰከንድ 24 ፍሬም በሚታይበት ፊልም ላይ ለንግግር ትዕይንት በሰከንድ 8 ሥዕል ሊበቃ ይችላል፤ በፍጥነት ወደ ካሜራው ለሚመጣ መኪና ግን ያ ስለማይበቃ በሰከንድ 12 ወይም 24 መሳል ግድ ይሆናል።

በእጅ ብቻ እስከ መጨረሻው ሲሄዱ ምን እንደሚመስል «ሬድላይን» የተባለው የእሽቅድምድም ፊልም አሳይቷል። የማድሃውስ ስቱዲዮ በዳይሬክተር ታኬሺ ኮይኬ መሪነት የሠራው ይህ ፊልም 100,000 ገደማ ሥዕሎችንና ሰባት ዓመታትን ወስዷል፤ በአንጻሩ አንድ የተለመደ የቴሌቪዥን ክፍል ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 5,000 ሥዕሎች ይሠራበታል። ፊልሙ በገበያ ላይ አልቀናውም፤ ከዚያ ወዲህም የእሽቅድምድም ሥራ ለሚያቀርብ ሁሉ እንደ ማስፈራሪያ ይጠቀስበታል። እኛ ግን ከ«ሬድላይን» የምንማረው እሽቅድምድም አያዋጣም የሚለውን አይደለም። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ስቱዲዮ ብቻውን ይሸከመው ዘንድ የተተወ ሥራ እንዴት ገንዘቡን ሊመልስ ይችላል?

ዋናው ቅሬታችን የክፍያው ሥርዓት ነው። የእንቅስቃሴውን ዋና ዋና ነጥቦች በሚያሳዩት በቁልፍ ሥዕሎች መካከል የሚገቡትን የመሸጋገሪያ ሥዕሎች የሚስሉ ሠራተኞች በአብዛኛው የሚከፈላቸው በሥዕል ቁጥር ነው፤ በይፋ ሲነገር የቆየውም ዋጋ ለአንድ ሥዕል 200 የን አካባቢ ነው። ቁልፍ ሥዕል ሠሪዎቹም በአብዛኛው የሚከፈላቸው በሾት፣ ማለትም ካሜራው ሳይቀየር በሚታይ አንድ ቁራጭ ነው። በዚህ አሠራር ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሻይ የሚጠጡበት ሾትና ስድስት መኪኖች ተያይዘው አንድ ኩርባ የሚገቡበት ሾት በሒሳብ መዝገብ ላይ ይቀራረባሉ። ይህ ጭነቱን ሳይመዝኑ ለተሸካሚ በጆንያ ቁጥር እንደ መክፈል ነው። የመጀመሪያውን ሾት የወሰደ ሠዓሊ በዚያው ሳምንት ሌሎች ብዙ ሾቶች ጨርሶ ኪራዩን ይከፍላል፤ ሁለተኛውን የወሰደው ደግሞ በችሎታው ይቀጣል። ተሽከርካሪ በመሳል የተካኑ ባለሙያዎች እያነሱ ሄዱ፣ ወጣቶችም አልተተኩላቸውም የሚል ሮሮ ሲሰማ ምክንያቱን ከዚህ ውጭ መፈለግ አያስፈልግም። ሙያው ያልጠፋው አንዳንድ ሰዎች ከጥቅማቸው በላይ ስለወደዱት ነው፤ አንድ ኢንዱስትሪ ግን በእነዚህ ሰዎች ፍቅር ላይ ብቻ ሥራውን ሊመሠርት አይገባውም።

የዚህ ክፍያ ውጤት በስክሪኑ ላይ በግልጽ ይታያል። በብዙ የእሽቅድምድም ሥራዎች ውስጥ ውድድሩ በጋለበት ሰዓት ካሜራው መንገድ ዳር ወደ ቆሙ ተመልካቾች ይዞራል፤ እነርሱም ስለ ፍሬን፣ ስለ ማርሽና ስለ ጎማ ሙቀት ረጅም ማብራሪያ ይሰጣሉ። ማብራሪያው አንዳንድ ጊዜ ለታሪኩ ይጠቅማል። ብዙውን ጊዜ ግን እዚያ የተቀመጠው የሚናገር ፊት በጥቂት የአፍ ሥዕሎች ስለሚሠራና ኩርባው ውድ ስለሆነ ነው። ተመልካቹ እሽቅድምድም ሊያይ ተቀምጦ ስለ እሽቅድምድም ሲወራ ሰምቶ ይነሣል፤ ቀጥሎም ተመልካች ጠፋ ይባላል።

የኮምፒውተር ምስልን በሚመለከት ኮሚቴዎች የያዙት አቋምም አልተዋጠልንም። በ1998 የወጣው የ«ኢኒሻል ዲ» የመጀመሪያ ምዕራፍ መኪኖቹን በኮምፒውተር ሠርቶ በእጅ በተሳለ ጀርባ ላይ ሲያስቀምጥ ሁለቱ አልተዋሃዱም ነበር። ሆኖም ለዘመኑ ደፋር ሙከራ ነበር፤ የሞተሩ ድምፅ፣ ዩሮቢት የተባለው ፈጣን የዳንስ ሙዚቃውና እንደ ኬይቺ ትሱቺያ ያለ በድሪፍት (መኪናን በኩርባ ላይ በጎን እያንሸራተቱ በመንዳት) የታወቀ አሽከርካሪ በአማካሪነት መሳተፉ ጉድለቱን አካክሶታል። ያሳዘነን ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት ኮምፒውተሩ የጥራት መሣሪያ ከመሆን ይልቅ የወጪ መቀነሻ ሆኖ መታየቱ ነው። የኮምፒውተር መኪና ሞዴሉ ስለተሠራ ብቻ መኪና አይሆንም። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ዝቅ ማለት፣ ሲታጠፍ ጎኑ ማዘንበል፣ ነዳጅ ሲሰጥ የኋላው መቀመጥ አለበት፤ ይህን ክብደት የሚሰጠው ሰው ነው፣ ያም ሰው ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜ ሲነፈገው መኪናው መንገዱን ሳይነካ የሚንሳፈፍ ይሆናል፤ በአጫጭር ውሎች በተሠሩ አንዳንድ ሥራዎች ላይም ይህንኑ አይተናል።

የውድድር ሜዳውም እንዲሁ ነው። ፉጂ ስፒድዌይ 4.563 ኪሎ ሜትር፣ ሱዙካ ደግሞ 5.807 ኪሎ ሜትር ርዝመት አላቸው፤ እያንዳንዱን ከነዳገቱ፣ ከነተመልካች መቀመጫው በኮምፒውተር መገንባት ትልቅ ሥራ ነው። አንዱ ስቱዲዮ የገነባው ለሌላው የሚተላለፍበት የታወቀ መንገድ ግን አናይም፤ ቀጣዩ ከባዶ ይጀምራል። በዚህ ላይ የእውነተኛ መኪኖችን ስምና ቅርጽ ለመጠቀም የእያንዳንዱ አምራች ፈቃድ ሲጨመርበት፣ አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ገና አንድም ሥዕል ሳይሳል ቢደክም አይፈረድበትም።

ሌላው ቅሬታችን የክፍሎቹ ቁጥር ነው። በ1991 ሰንራይዝ የሠራው «ሳይበር ፎርሙላ» 37 ክፍሎች ነበሩት። በ2005 የተጀመረው «ካፔታ» 52 ክፍሎች ነበሩት፤ አባቱ ከወዳደቁ ዕቃዎች ጋሪ መሰል የእሽቅድምድም መኪና የሠራለት ልጅ ከዚያች ተነሥቶ አድጎ ከፍ ወዳለው ደረጃ ሲጓዝ የምናምነው፣ ዓመታቱ ሲያልፉ አብረነው ስለቆየን ነው። በሳይድካር (ጎኑ ላይ ለሁለተኛ ሰው ተቀጥላ ባለው) ሞተር ብስክሌት ላይ የተመሠረተው የ2017ቱ «ቱ ካር»፣ የ2023ቱ «ኦቨርቴክ» እና የ2024ቱ «ሃይስፒድ ኤቷል» የተሰጧቸው ግን 12፣ 12 ክፍሎች ናቸው። የውድድር ዘመን በባሕርይው ረጅም ነው፤ ነጥብ ይሰበሰባል፣ መኪና ይሰበራል፣ ገንዘብ ያልቃል፣ ተፎካካሪ ይለወጣል። ይህን በ12 ክፍል ውስጥ ማስገባት የተገደደ ጸሐፊ ወይ ውድድሮቹን ወይ ሰዎቹን መጣል አለበት። «ኦቨርቴክ» ሰዎቹን መረጠ። ፎቶ አንሺውና በፎርሙላ 4 (በጀማሪዎች የፎርሙላ መኪና ውድድር) የሚወዳደረው ወጣት አንዱ የሌላውን ቁስል የሚያዩበት አኳኋን በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ዳይሬክተሩ ኤይ አኦኪና ስቱዲዮ ትሮይካ በተሰጣቸው ጠባብ ቦታ ላይ ክብር የሚገባው ሥራ ሠርተዋል። ነገር ግን ተጨማሪ 12 ክፍል ቢሰጠው ኖሮ የአሽከርካሪዎቹን የውድድር ዘመን በሙሉ ባየን ነበር ብለን እንቆጫለን።

ስለ ሩጫ ትንሽ ሰፋ አድርገን እንድንናገር ይፈቀድልን፤ ጉዳዩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1964 በከተማችሁ በቶኪዮ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ሲያሸንፍ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ሳምንታት ነበሩ። የዚያን ቀን የተቀረጸውን ምስል ለተማሪዎቻችን ደጋግመን እናሳያለን። ራሱ አይወዛወዝም፣ ትከሻው አይነሣም፣ ፊቱ ላይ ጭንቀት አይነበብም፤ ፍጥነቱ ሁሉ ያለው ከወገቡ በታች፣ እግሩ መሬቱን ነክቶ በሚለቅበት ቅጽበት ላይ ነው። ለአኒሜተር ከዚህ የከበደ ፈተና የለም። በብዙ አኒሜዎች ሯጭ የሚሳለው ጥርሱን ነክሶ፣ ላቡ እየተረጨ፣ እየጮኸ ነው፤ ጩኸቱ የሚያመለክተው ሠዓሊው እግሩን ለመሳል ጊዜ እንዳልተሰጠው ነው። ታላቅ ሯጭ ብዙ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ነገር ፍጹም ትክክል መሆን አለበት። ሰለሞን ባረጋ በ2021 በዚያው ከተማ በኦሊምፒኩ 10,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኝ በመጨረሻው ዙር የታየው የእርምጃ ለውጥ፣ አንድ ስቱዲዮ ለወራት ቢያጠናው የማያልቅ ትምህርት አለው።

ሊሠራ እንደሚችል ራሳችሁ አሳይታችኋል። የፕሮዳክሽን አይጂ ስቱዲዮ ከሺዮን ሚዩራ ልቦለድ ተነሥቶ በ2018 እና በ2019 ባቀረበው የ23 ክፍል ተከታታይ ውስጥ ለሃኮኔ ኤኪደን (ለጃፓን ዩኒቨርሲቲዎች የቅብብል ሩጫ) የሚዘጋጁት አሥር ልጆች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አሯሯጥ አላቸው፤ አንዱ ክንዱን የሚይዝበት መንገድ ከሌላው ይለያል። 217 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን፣ እያንዳንዱ ቡድን በሁለት ቀን በአሥር ሯጮች የሚያከናውነውን ያንን ውድድር ለማሳየት 23 ክፍሎች ማግኘቱ ዕድል ነበር። በዚያው ታሪክ ውስጥ ሙሳ የሚባል የታንዛኒያ ተማሪ አለ፤ አፍሪካዊ ስለሆነ ብቻ ሯጭ ነው ብለው የሚገምቱትን ሰዎች ግምት እርሱ ያፈርሰዋል፤ ልምምዱን እንደ ሌሎቹ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እንዲህ ያለ አስተውሎት ሲገኝ ደስ ይለናል። በ2025 የወጣው የኬንጂ ኢዋይሳዋ «100 ሜትር» ደግሞ ተዋንያንን በካሜራ ቀርጾ በላዩ በመሳል ዘዴ ሩጫውን ከተለመደው የአኒሜ አሯሯጥ አላቆታል። ሁለቱም ሥራዎች የሰውን አካል በትዕግሥት አይተዋል።

ሆኖም አንድ የሚጎድል ነገር አለ። ከምሥራቅ አፍሪካ በልጅነታቸው ወደ ጃፓን ትምህርት ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የኩባንያ ቡድኖች ሄደው የሚሮጡ ወጣቶች ከጀመሩ አሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል። ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ በጃፓን ተምሮና ሠልጥኖ ነው በ2008 በቤይጂንግ የማራቶን ባለ ወርቅ የሆነው። ቋንቋውን ሳያውቅ፣ በብርድ አገር፣ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር በቅብብሉ የሚተላለፈውን ታሱኪ የተባለ መቀነት ተቀብሎ የሚሮጥ የ15 ዓመት ልጅ ታሪክ በራሱ ሙሉ ተከታታይ ይወጣዋል፤ ይህን ልጅ ዋና ባለታሪክ ያደረገ አኒሜ ግን እስካሁን አላጋጠመንም።

በመጨረሻ የስርጭቱን ነገር ባጭሩ እናንሳ። በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ የቀረበልን አንድም የእሽቅድምድም ሥራ የለም፤ በእንግሊዝኛ የምናየውም ከላይ እንደገለጽነው በማንኛውም ጊዜ ሊነሣብን ይችላል። ሕጋዊው በር ሲዘጋ ተመልካቹ ሕገ ወጥ ቅጂ ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ በቆጠራችሁ ውስጥ ስለማይገባ ተመልካች የለም የምትሉት ቁጥር ራሱ የተሳሳተ ይሆናል።

ስለዚህ በአክብሮት የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። የመሸጋገሪያ ሥዕልና የሾት ክፍያ በሥራው ክብደት እንዲመዘን፣ በተለይም ተሽከርካሪ፣ ብስክሌትና የሯጮች ስብስብ ያለባቸው ሾቶች የተለየ ዋጋ ተቆርጦላቸው በውሉ ላይ በግልጽ እንዲሰፍር እንጠይቃለን። የእሽቅድምድም ሥራ ሲታዘዝ የስርጭቱ ቀን ከመቆረጡ በፊት ለሞዴል፣ ለሙከራ ሾቶችና ለድምፅ ቀረጻ የሚሆን የዝግጅት ጊዜ ይሰጥ፤ ክፍሎቹም ቢያንስ አንድ የውድድር ዘመን የሚያስጨርሱ ይሁኑ። የታወቁ የውድድር ሜዳዎችና የመኪኖች የኮምፒውተር ሞዴሎች በኮሚቴዎች መካከል በጋራ የሚያዙበት፣ በመጠነኛ ክፍያም ለአነስተኛ ስቱዲዮዎች የሚከራዩበት አሠራር ይዘርጋ፤ ከመኪና አምራቾች ጋር የሚደረገው የፈቃድ ውልም በየሥራው ከመሆን ይልቅ በጥቅል ይደረግ። ለሩጫ ታሪኮች የቀድሞ ሯጮችና አሠልጣኞች ከታሪክ ሰሌዳው (ከትዕይንቶቹ የሥዕል ዕቅድ) ዝግጅት ጀምሮ ይሳተፉ፤ ከእነርሱም መካከል በጃፓን የሚኖሩ ምሥራቅ አፍሪካውያን ይኑሩ። ማሰራጫ ድርጅቶች አንድን ሥራ ከአንድ አካባቢ ከማንሣታቸው አስቀድመው በግልጽ ያስታውቁ፤ በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ፈቃድ ከተሰጠን ደግሞ ተርጓሚዎች ከእኛ መካከል ስላሉ ሥራውን ለመጀመር ዝግጁ ነን።

ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን፣ ከላይ ከተዘረዘሩት አንዱን መፈጸም የማይቻል ከሆነም ምክንያቱ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የአኒሜሽን መምህርና የአኒሜ ተመልካቾች ስብስብ አስተባባሪ
አዲስ አበባ